በነጋሽ ስም የጻፍኩት

ጂንካ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለተናኜ፣ አዲስ አበባ።

የነሪ ወንዝ ድንጋይ ስንት ነው? ያንን ያህል ሰላምታ ይድረስሽ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትመርቅሽን እኔ በሷ ፈንታ መርቄሻለሁ፤ ክፉ አይንካሽ፣ የምታክሚው ይዳንልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም አብሮኝ ያረጀ ነው፣ አልፈርድበትም።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ስገባ «አሮጊት ፊደል ምን ይሠራላታል» ብለው የሳቁብኝ ጎረቤቶቼ እነ ባዩሽ ዛሬም በአውራ ጣታቸው ነው የሚፈርሙት። የኔ ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መስመሬ ሽቅብ እንደ ፍየል ይወጣል፣ እሱን ቻይልኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ብርነሽን ታውቂያታለሽ፣ የሟች ልጄን ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟን ነጋሽን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ታመመች። እንቅልፍ የለ፣ ብቻዋን ታወራለች፣ ሰው የማይሰማውን ትሰማለች። አርባ ምንጭ ወስጃት ሐኪሙ የአእምሮ ሕመም ነው አለና ኪኒን ሰጣት። ሻል ብሏት ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን ባሰባት።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዲሬክተሩ አስጠራኝ። «እማማ፣ ልጅቷ ሌሎቹን ታስፈራለች፤ ሲሻላት ያምጧት» አለኝ። «ጌታው፣ ሌሎቹ ‹እብድ፣ እብድ› እያሉ እስከ አይሮፕላን ሜዳው ሲከተሏት ማን ነው ማንን የሚያስፈራው?» ብለው፣ «ደንብ ነው» አይለኝም! ደንብ! ዘንድሮ ሚኒስትሪ የምትፈተን ልጅ፣ ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ፣ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ትቆጥራለች።

የመስቀል ሰሞን እጅጌዋን ሰብስቤ ላጥባት ስል ክንዷ ላይ ቁስል አየሁ። ወድቄ ነው አለችኝ። የወደቀ ሰው ቁስል አላውቅም እንዴ? በገዛ እጇ ነው። ስጨቀጭቃት ጊዜ «መሞት እፈልጋለሁ» አለችኝ፤ ልክ ውሃ ጠማኝ እንደሚባለው አድርጋ።

ስሚ ተናኜ፤ ባሌን፣ ልጄን፣ ወንድሜን ቀብሬአለሁ። ይቺን አልቀብርም። አንቺ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነሽና ጠንከር ያለ ኪኒን ላኪልኝ፤ ዝም የሚያሰኝ። በተለይ «ነጋሽ ሞቷል» የምትለውን የሚያስተዋት። ሰፈሩ ሁሉ «ይኸው ለየላት፣ በደህና ወንድሟ ታሟርታለች» ይላል። እኔም ተይ እላታለሁ።

ያንን አንቺና እኔ የምናውቀውን ነገር በደብዳቤ እንዳትጽፊ። የሰው ጽሕፈት ቶሎ አይነበብልኝምና የሚመጣልኝን ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት።

አክስትሽ ከበቡሽ

---

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወ/ሮ ከበቡሽ፤ ይህንን ለምታነብልዎት ለብርነሽም።

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኪኒን ከመላኬ በፊት ግን ለዶክተሩ የምነግረው ያስፈልገኛልና እነዚህን ይመልሱልኝ። የአርባ ምንጩን ኪኒን አቋርጣ ነበር ወይ? ብቻዋን ትውላለች ወይ? ታስራ ወይም ተመትታ ታውቃለች ወይ? ከዘሩ በገዛ እጁ የሞተ አለ ወይ? በቅርቡ የሞተባት ሰው አለ ወይ? ስትናገር የሚያምናት፣ የምታወራው ሰው አላት ወይ?

አንዱን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይጠይቋት፦ «መሞት ታስቢያለሽ ወይ? ዛሬስ?» ብለው በግልጽ። ሐሳቡን ያስገባባታል ብለው አይፍሩ። ሐሳቡ ካለ አለ፤ መጠየቅ ብቻዋን እንዳትሸከመው ያደርጋል። የሚመጣውን ኪኒን እርስዎ ቆልፈው ይያዙ፣ የዕለቱን ብቻ ይስጧት። ሰውነቷን ልትጎዳ የምትችልበትን ነገር ከቤት ያርቁ።

ያንን ነገር እንዳዘዙኝ አልጻፍኩም። ተስማምቼ ግን አይደለም።

ታዛዥዎ ተናኜ

---

ጂንካ፣ ኅዳር 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለተናኜ፣ ለመርማሪዋ።

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ምርቃቴን ግን ለጊዜው ይዤዋለሁ። እኔ ኪኒን ላኪ አልኩ እንጂ ከስሰሽ አቁሚኝ አልኩሽ? እሷ እንደምታነብልኝ እያወቅሽ ነው እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረደርሽው? በልጅቱ አፍ እኔን አስመረመርሽኝ!

ስሚ እንዴት እንደሆነ። በሩ ላይ ተቀምጣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹ኪኒኑን አቋርጣ ነበር ወይ›» አለች። «ሁለት ወር ብቻ በዪ» አልኩ። ባዩሽ ናት፣ ጸበልና ኪኒን አይጣጣምም ብላ ያስተወችኝ። ለባዩሽ ማን ነገራት? ለራሷ ራስ ምታት ሁለቱንም ነው የምትወስደው!

«‹ብቻዋን ትውላለች ወይ›» «አትውልም በዪ።» «ማክሰኞስ፣ አያቴ?» ማክሰኞ እኔ ማር ልገዛ በመኪና አልዱባ ገበያ እሄዳለሁ። ማር ካልሸጥኩ ምን እንበላለን? «ማክሰኞ ባዩሽ ታያታለች በዪ።»

«‹ታስራ ታውቃለች ወይ›» አለች። እጇን አንስታ አየችው። ተናኜ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ወጥታ እንዳትጠፋ እናስራታለን። በገመድ አይደለም! በመቀነት ነው፣ በገዛ መቀነቴ፣ ለስላሳ ነው። አንቺ እዚያ በር ያለው፣ ዘበኛ ያለው ቤት ተቀምጠሽ ምን ታውቂያለሽ? የኔ በር እኮ ዶሮ ገፍታ የምትከፍተው ነው።

«‹ከዘሩ በገዛ እጁ የሞተ አለ ወይ›» «የለም! አጎትሽ ሀብተ ማርያም እንደሆን ወንዝ ሞልቶ ነው የወሰደው።» «በበጋ?» አለችኝ። «በጋም ቢሆን ወንዝ ወንዝ ነው! አንብቢ!»

«‹በቅርቡ የሞተባት ሰው አለ ወይ›» ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። «የለም በዪ» አልኳት። «የለም» አለች። «አያቴ የለም ብላለች።» የሚያምናት ሰው አላት ወይ የሚለውን አንብባ መልሱን አልጠበቀችኝም፤ ራሷ «ዝለይው» ብላ ዘለለችው።

መጨረሻ ላይ ያንን «መሞት ታስቢያለሽ ወይ» የሚለውን አነበበችና «ጠይቂኛ» አለችኝ። ማሩን ልሸፍን ብዬ ተነሳሁ። ማሩ የተሸፈነ ነበር።

እወቂልኝ ደግሞ፣ ልጅቱ አልተተወችም። ነጋሽ ከግንባር ይጽፍላታል። ሦስት ደብዳቤ ጽፏል፣ ሦስተኛውን ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ገብቼ ነው የጻፍኩ… የደረሰን ማለቴ ነው። ሰርዤዋለሁ፣ የሰረዝኩትን አታንብቢ። ደብዳቤውን ስታነብ ዝም ትላለች፤ ዝም ማለቷ ተጽናንታ ነው።

ኪኒኑን ላኪ። ጥያቄ አትላኪ።

ከበቡሽ

---

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.
በሹፌሩ በአቶ ወንድሙ እጅ፣ ለወ/ሮ ከበቡሽ በገበያ ቦታቸው ብቻ የሚሰጥ

አክስቴ፣

የሚቆጡኝ መሆኑን አውቄ እጅዎን ስሜ እጀምራለሁ። የሁለት ወር ኪኒን ከዚህ ጋር አለ። የቀረውን ነገሬን ብርነሽ እንዳታነበው በወንድሙ እጅ ላኩት። ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ ከሷ ተደብቄ አልጽፍልዎትም።

ነጋሽ ሞቷል። አብሮት የነበረው ልጅ ቆስሎ እዚህ ሲታከም የነገረኝን በሰኔ በዚሁ በወንድሙ እጅ ጻፍኩልዎ። «መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም፣ ሲሻላት በሽማግሌ እነግራታለሁ» ብለው መለሱልኝ። እኔም የሀገሩ ወግ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የጋራችን ነው።

አክስቴ፣ ብርነሽ የአእምሮ ሕመም አለባት፤ ይህ እውነት ነው። ነጋሽ ሞቷል፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። እርስዎ ግን እውነቱን ስትናገር በሽታ ነው አሏት። እውነት ስትናገር እብድ የምትባል ልጅ በምን ትተማመን? ትምህርት ቤት አባረሯት፤ ማክሰኞ ትታሰራለች፤ ኪኒኗ ተቋረጠ፤ ወንድሟ ሞቶ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ለኪኒኑ ምን ሥራ ተዉለት?

እኛ ክፍል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ደህና መሰለችኝ፤ ልጠይቃት ፈርቼ ሳልጠይቃት ወደ ቤቷ ሸኘኋት። ሳምንት አልቆየችም። ጥያቄ የምደረድረው ከዚያ ወዲህ ነው። መርማሪ ይበሉኝ፤ ስድቡን ወድጄዋለሁ።

በነጋሽ ስም የሚጽፉትን ያቁሙ። ይንገሯት።

ተናኜ

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 23 ቀን 1980 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ስድስት ሳምንት ሆነኝ መልስ ካጣሁ። ወንድሙ በእጅዎ ሰጠሁ ይላል፤ ሌላ አይናገርም። ይስደቡኝ ግን ይጻፉልኝ። ብርነሽ እንዴት ናት? በአንድ መስመር፣ ሽቅብም ቢወጣ።

ተናኜ

---

ጂንካ፣ የካቲት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተናኜ።

የያዝኩትን ምርቃት ለቅቄልሻለሁ፤ ከነወለዱ ውሰጂው። በሕይወት አለች። መጀመሪያ እሱን ስሚ፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ወንድሙ ያመጣውን ደብዳቤ ከማሩ ጀርባ ተቀምጬ ፊደል በፊደል ለቅሜ ቀኑን ሙሉ አነበብኩት። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ ማር የለም» አልኩ፤ ማሩ ፊቴ ተቀምጧል። ከዚያ ተናደድኩ። በአክስቷ ላይ እንዲህ የምትጽፍ ምን ያለች ናት ብዬ ወረቀቱን ቀድጄ ምድጃ ከተትኩት። ኪኒኑን ግን ቆልፌ፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አስሬ፣ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ እሰጣት ጀመር። መርዶውን ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ እያልኩ ገፋሁት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ አልቀለለም።

ጥር አሥራ አራት፣ አራተኛውን የነጋሽ ደብዳቤ በሰጠኋት ማግስት፣ ራሷን ጎዳች። እንዴት የሚለውን አልጽፍልሽም። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ «እንዴት አድርጋ?» ይለኛል፤ ባዩሽ እንኳ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም! ሐኪም ቤት ተሸክሞ ያደረሳት ኤርጎ ነው፣ ያ ከአሪ መንደር ወርዶ አጠገቤ ቤት የሠራው። ጴንጤ ነው ብዬ ሰላምታ የምነፍገው ሰው፣ በጀርባው አዝሏት ሮጠ። እነዚያ በየሰንበቴው አብረውኝ የሚበሉት ደግሞ «አይነኳትም፣ ይተላለፋል» ብለው በር ላይ ቆሙ። ምኑ ነው የሚተላለፈው? ድንቁርናው ነው የሚተላለፈው!

አራት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ነርሱ ያንኑ ያንቺን ጥያቄ ደረደረብኝ፤ አንድ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትማሩት? በሦስተኛው ቀን አይኗን ገልጣ ስታየኝ፣ ያቺን አልጠይቅም ያልኳትን ጥያቄ ጠየቅኳት። «ብርነሽ፣ መሞት ታስቢያለሽ?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ። «ዛሬስ?» «ዛሬ ትንሽ ቀንሷል።» ከዚያ «ሌላስ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። «ነጋሽ መሞቱን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ከትራሷ ሥር አራቱን ደብዳቤ አወጣች። ሐኪም ቤት ድረስ በጉያዋ ይዛቸው ኖሯል። አንዱን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችልኝ። «ግንባር ላይ ማር ይታደላል እንዴ፣ አያቴ?» አለችኝ። አየሽ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በማር መጠቅለያ ወረቀት ነው የጻፍኩት። ጠርዙ ላይ ሰም ተለጥፏል፣ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ የጣቴ ምልክት አለበት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አውቃለች!

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጭራሽ እኔ ልቆጣ! «ነገርኩሽ እኮ። ሞቷል ስልሽ ‹አሞሻል፣ ኪኒንሽን ዋጪ› አልሽኝ» አለች። «ማታ ስትጸልዪ እሰማሻለሁ። ድሮ ‹ነጋሽን ጠብቅልኝ› ትዪ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ‹የነጋሽን ነፍስ ማርልኝ› ማለት ጀመርሽ። ለኔ እየዋሸሽ ለእግዜር እውነቱን ስትነግሪ ሰማሁ። እኔ ስናገረው ግን እብድ ተባልኩ። ቆይቼ እኔም፣ ጸሎትሽም ያ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ» አለችኝ።

ተናኜ፣ ሰው በመቀነት ማሰር ቀላል ነው። እኔ ልጅቱን የምር ያሰርኳት ግን በራሷ ጆሮ ላይ እንዳትተማመን አድርጌ ነው።

ከሐኪም ቤት በወጣች በሳምንቷ ወጉን አደረስኩ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹን ይዤ ገባሁ፤ ኤርጎንም አስገባሁት። «ምነው ጴንጤ ለመርዶ?» ሲሉኝ «የተሸከማት ትከሻ ይቀመጥ፣ ያልተሸከማት ቢቆም ይሻለዋል» አልኳቸው። ተቀመጠ። መርዶውን በሽማግሌ አፍ አላስነገርኩም፤ ውሸቱ በኔ እጅ ነበርና እውነቱን በኔው አፍ ተናገርኩት። እያወቀችው እንኳ ስትሰማው ጮኸች። ልክ እንደ ሰው ጮኸች።

ድንኳን ላስተክል ስል የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። «ከጦሩ ወረቀት ሳይደርስ ለቅሶ አይቻልም፤ የሕዝብ ሞራል ይነካል» አለኝ። «ሲወስዱት ወረቀት አሳይታችሁኛል? ከአልዱባ ገበያ መኪና ላይ ከማሬ ጋር ሲያወርዱት ወረቀት ነበር? መኖሩን ያለ ወረቀት ወስዳችሁ መሞቱን በወረቀት ትጠይቁኛላችሁ?» አልኩት። «እማማ፣ ይጠንቀቁ» አለኝ። «ስንት ዓመት ቀረኝ ብለህ ነው የምታስፈራራኝ? ልጅቱን ሐኪም ቤት ያስገባት ዝምታ ነው፤ የሷ ሞራል የሕዝብ አይደለም?» አልኩት። ድንኳን እንዳንተክል ከለከለ። ቅጠል ዳስ ሠራን። ዳስን የሚከለክል ደንብ ገና አላወጡም መሰለኝ።

ሰዉ መጣ። ስምንት ወር የዘገየ ለቅሶ ነው ብለው ያሙኝ፣ ግድ የለኝም። ደስ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ በለቅሶ ቤት ደስታ ካለ። እነዚያ «አሟረተች» ያሏት ሁሉ ተራ በተራ ፊቷ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ባዩሽ ስትመጣ እኔ ክንዷን ይዤ አቆምኳት። «ሌላም የምትዪው አለሽ» አልኳት። ዞር ዞር አለችና «አንቺ ልክ ነበርሽ፣ ልጄ» አለቻት። ብርነሽ «አውቃለሁ» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ።

ድናለች ብዬ አልዋሽሽም፤ ከውሸት ወጥቻለሁ። ትናንት ድምፁ መጣብኝ አለችኝ። ድሮ «ተይ፣ የለም» እል ነበር። አሁን «ምን አለሽ?» አልኳት። ነገረችኝ። «ይሄኛው ሕመሙ ነው። የነጋሹ ግን እውነት ነበር» አልኳት። ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ አብራኝ ትሄዳለች፤ ሚዛኑን እሷ ትይዛለች፣ መቀነቴ ወገቤ ላይ ነው። ስለ ወንድሜ ስለ ሀብተ ማርያምም እውነቱን ነገርኳት። በበጋ ወንዝ አይሞላም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ባንዲራ ሊሰቅል ሲሰለፍ ይዣት ሄጄ ከሰልፉ ፊት አቆማታለሁ። ዲሬክተሩ ደንቡን በተማሪው ሁሉ ፊት ያንብብልኝ። ማንበብ ከከበደው እኔ አነብለታለሁ፤ ምስክር ወረቀቴን ከግድግዳ አውርጄ ይዤ ነው የምሄደው።

ዝም የሚያሰኝ ኪኒን ያልኩሽን ሰርዤዋለሁ። ዶክተሩ ያዘዘውን ላኪ፣ እንዳይቋረጥባት። ሌላ ደግሞ፣ ነጋሽ ወደ ግንባር ሲሄድ አዲስ አበባ ከአንቺ ጋር የተነሳው ፎቶ አለሽ። እሱን ላኪልን። ደብቀሽ በወንድሙ እጅ አይደለም፤ በፖስታ፣ በስሟ።

ከእንግዲህ የፈለግሽውን ጻፊ። ይህንንም ሳላሽገው ሰጥቻታለሁ።

አክስትሽ ከበቡሽ

አንብቤዋለሁ። ሽቅብ የወጣው መስመር የሷ ነው፣ ቀጥ ያለው የኔ። እትዬ ተናኜ፣ «የሚያምናት ሰው አላት ወይ» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፤ ዘልዬው ነበር። አንድ ሰው ብለሽ ጻፊ። ከኤርጎ ጋር ሁለት።

ብርነሽ